ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ በልጅዎ ደረት ላይ የሚያዩት ቀጭን ሽቦ

ልጅዎ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አይሲዩ ገብተው ሲያዩት፣ ከደረቱ ሥር ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተው ቢያገኙ አይደንግጡ። ብዙ ጊዜ ለጥንቃቄ የተቀመጡ ናቸው። ታሪካቸውን ላጫውታችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶ/ር ዋልተን ሊለሃይ በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይዘው የተወለዱ ሕፃናትን ልብ ከፍተው መስፋት ጀመሩ። የልጁን ደም ሥር ከሌላ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ከአባት ወይም ከእናት፣ ደም ሥር ጋር ያገናኙ ነበር። ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ የወላጁ ልብና ሳንባ ለሁለቱም ይሠራል። አዎ፣ በትክክል አንብበዋል!

ቀዳዳው ተደፈነ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሕፃናት ከዚያ በኋላ ሞቱ። ለምን? ልብ እንድትመታ የሚያዘው የኤሌክትሪክ መስመር የሚያልፈው በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ነው። መርፌው መስመሩን ከነካ ትእዛዙ ከላይኛው ክፍል ወደ ታች አይደርስም፤ ይህን ሃርት ብሎክ እንለዋለን። ምቱ በጣም ይዘገያል፣ አንጎልና ኩላሊት በቂ ደም አያገኙም። በቆዳ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ መሣሪያ ነበር፤ ግን ሕፃናቱን ያቃጥላል፣ ያሳምማል።

በ1957 ጥር ወር ሊለሃይና ባልደረቦቻቸው ሽቦውን በቀጥታ ልብ ጡንቻ ላይ ሰፉት። ጥቂት ቮልት በቂ ሆነ። ችግሩ መሣሪያው በጎማ የሚገፋ ትልቅ ሳጥን፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ መሆኑ ነው። ጥቅምት 31 ቀን 1957 (በፈረንጆቹ) በሚኒያፖሊስ መብራት ጠፋ። የመብራት መጥፋትን እኛ እናውቀዋለን! የሆስፒታሉን መሣሪያዎች ይጠግን የነበረው ኤርል ባከን በኋላ እንደተናገረው፣ በዚያ ሌሊት አንድ ሕፃን ሞተ።

ሊለሃይ ባከንን መፍትሔ ጠየቁት። ባከን የሚሠራው ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ መጽሔት ላይ ለሙዚቃ ምት መጠበቂያ የተነደፈ ንድፍ ወስዶ፣ በ4 ሳምንት ገደማ በባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ ፔስሜከር ሠራ። በውሻ ላይ ተሞከረ። በማግስቱ ባከን ሆስፒታል ሲመጣ መሣሪያው አንዲት ሕፃን ላይ ተገጥሞ አገኘው። ዛሬ ቢሆን ፈቃድ ብቻ ዓመታት ይፈጅ ነበር።

የልጅዎ ሽቦም የዚያ ልጅ ነው። እብጠቱ ሲቀንስ ብዙ ጊዜ ምቱ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይመለሳል፣ ሽቦውም አልጋው ላይ እንዳለ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ካልተመለሰ ቋሚ ፔስሜከር ያስፈልጋል። አልፎ አልፎ ችግሩ ወራትና ዓመታት ቆይቶም ሊመጣ ስለሚችል፣ «ልጄ ድኗል» ብለው የኢሲጂ ቀጠሮ አይዝለሉ። ቤት ከገባ በኋላ ራሱን ከሳተ፣ ጡት መጥባት ከተወ፣ ሲጠባ ካላበው፣ እጅና እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቀጠሮ ሳይጠብቁ የዚያኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የቀዶ ሕክምናውን ወረቀት ይዘው ይሂዱ።