ስለ ጂስ ቤንድ ድሪቶ

በአማርኛ ድሪቶ ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ድህነት ነው፤ እራፊ በእራፊ ላይ የተደረተበት ልብስ የችግር ምልክት ሆኖ ይቈጠራልና። ይሁን እንጂ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት፥ የአላባማ ወንዝ በሚጠመዘዝበት ስፍራ በምትገኘው በጂስ ቤንድ መንደር የተሠራው የድሪቶ ብርድ ልብስ ሲመረመር፥ ችግር የሥራው መነሻ እንጂ ፍጻሜው አለመሆኑ ይታያል።

የመንደሪቱ ነዋሪዎች በጥጥ እርሻ ላይ በባርነት ይሠሩ የነበሩ ጥቁሮች ተወላጆች ናቸው። ብዙዎቹ የሚጠሩበት ፔትዌይ የሚለው ስም እንኳ የቀድሞው ጌታ ስም ነው። ከነጻነት በኋላም በጭሰኝነት ኖሩ። ዱቤ ይሰጣቸው የነበረ ነጋዴ ከሞተ በኋላ፥ በ1932 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ወራሾቹ ስለ ዕዳው የ60 ያህል ቤተ ሰቦችን ከብት፥ እህልና የእርሻ መሣሪያ ወሰዱባቸው።

በእንዲህ ያለ ኑሮ የሚጣል ጨርቅ አልነበረም። ሴቶቹ ያረጀውን የሥራ ሱሪ፥ ሸሚዝና ጆንያ እየቀደዱ ያዘጋጃሉ። የላይኛውን ገጽ እያንዳንዷ በራሷ ሐሳብ ትገጣጥማለች፤ በመካከሉ ጥጥ ተነጥፎ ድርቡ የሚሰፋው ግን ብዙ ጊዜ ጎረቤቶች ተሰብስበው ነው።

በ1942 ዓ.ም. ሚዙሪ ፔትዌይ ባልዋ በሞተ ጊዜ፥ የሥራ ልብሱን ቀድዳ ከልጅዋ ከአርሎንዚያ ጋር ብርድ ልብስ ሠራች። ልጅቱ በኋላ እንደ መሰከረችው፥ የእናቲቱ ሐሳብ ባልዋን ለማስታወስና በፍቅሩ ተሸፍና ለመተኛት ነበር። በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ጕልበቱ የተጠገነው፥ በፀሐይ የነጣው፥ ኪሱም የተነሣበት ስፍራ ሳይነጣ የቀረው ጨርቅ ይታያል። ኀዘንተኛዋ የሟቹን የድካም ምልክት አልሸሸገችም፤ አዲስ መልክ ሰጥታ ከቤትዋ አኖረችው እንጂ።

ጥቁሮች ስለ መብታቸው በሚታገሉበት ዘመን፥ በ1966 ዓ.ም.፥ የአካባቢው ሴቶች የነጻነት ስፌት ማኅበር አቋቁመው በእጃቸው ሥራ ገንዘብ ማግኘት ጀመሩ። በ1972 ዓ.ም. ለአንድ ትልቅ የንግድ ድርጅት ከኮርዶሮይ ጨርቅ የትራስ ልብስ ሲሰፉ፥ ቍርጥራጩ ወደየቤቱ ተመልሶ ሌላ ብርድ ልብስ ሆነ።

በ2002 ዓ.ም. ሥራዎቹ በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ሲታዩ፥ ሐያስያን ከዘመናዊ ሥዕል ጋር አነጻጸሯቸው። ውበቱን በትክክል አይተዋል። ነገር ግን የሚዙሪን ሥራ የቀለምና የመስመር ድርድር አድርጎ ብቻ የሚያይ ሰው፥ ኀዘኑንና መጽናናቱን ሳያነብ ያልፋል። ስለዚህ የሕዝብን የእጅ ሥራ የሚመረምር ሁሉ፥ ስለ ቅርጹ ከመፍረዱ በፊት ጨርቁ ቀድሞ የማን ልብስ እንደ ነበረ ሊጠይቅ ይገባዋል።