ሸጎሌ፦ የአሶሳው ሼክ በጉለሌ

አዲስ አበባ የሰፈሮቿን ስም ከብዙ እጅ ነው የለቀመችው። ደጃች ውቤ ሰፈር የመኳንንት ነው፣ ሠራተኛ ሰፈር የባለሙያ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ያሠራ ከነበረ የጣሊያን ተቋም ምህጻር የተረፈ ነው። ጣሊያን ወጣ፣ ምህጻሩ ቀረ፤ ዛሬ ማንም አይፈታውም። የጉለሌው ሸጎሌም እንዲሁ ነው። ወያላው በቀን መቶ ጊዜ ይጠራዋል፣ የአንበሳ አውቶብስ ዴፖ ይታወቅበታል፣ የጉለሌ ልጅ «ሸጎሌ ነው የተወለድኩት» ይላል። ስሙ ግን ከጉለሌ ምድር የበቀለ አይደለም። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአሶሳ የመጣ የአንድ ሰው ስም ነው፤ ሼክ ኾጀሌ አልሐሰን።

ሱዳኖች ይህን ስም «ኾጋሊ» ብለው ይጠሩታል። ማዕረጉና ስሙ በአንድ ትንፋሽ ሲነገሩ፣ ከጉሮሮ የሚወጣውን «ኸ» የማይወድ የከተማ አፍ «ሼክ ኾጋሊ»ን ወደ «ሸጎሌ» አጠፈው። ስለዚህ ሸጎሌ ማለት «ሼክ ኾጀሌ» ማለት ብቻ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለበትም። ምስጢር ያለው ሰውየው እዚያ እንዴት ደረሱ የሚለው ላይ ነው።

ከአባይ በስተደቡብ፣ ከዳቡስ ወንዝ በስተምዕራብ ባለው የበርታ ምድር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ሦስት ሼክነቶች ጎልተው ነበር። አንደኛው ዛሬ አሶሳ በምንለው አካባቢ የነበረው አቆልዲ ነው፤ ገዢው ኾጀሌ አልሐሰን። ሁለተኛው ቤላ ሻንጉል ነው፤ አብዱራህማን ኾጀሌ የሚባሉ ሌላ ኾጀሌ ይገዙት ነበር። ሦስተኛው ኾሞሻ፣ የዛሬው ሆሞሻ፣ የወድ ማሕሙድ አገር ነው። ሦስቱ ጎረቤቶች እንጂ ወዳጆች አልነበሩም። ወርቅና ንግድ ባለበት ቦታ ሦስት ገዢ በሰላም አያድርም።

የዛሬውን የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በስሙ ያጠመቀው መካከለኛው፣ ቤላ ሻንጉል፣ ነው። በሚነገረው መሠረት በበርታ ቋንቋ «ቤላ» ድንጋይ ነው፤ ሻንጉል ደግሞ በመንጌ በኩል የሚገኝና ሕዝቡ የሚያከብረው የአንድ ቋጥኝ ስም ነው። የዓረብ ነጋዴዎች ሲመጡ «ቤላ»ን በሚያውቁት «በኒ» ተኩት፤ ቤኒሻንጉል፣ «የሻንጉል ልጆች» ሆነ። ቋጥኙ በሰው አፍ አባት ሆነ ማለት ነው። አወላገዱት ብሎ መቆጣት ይቻላል፤ እኔ ግን አልቆጣም፤ ምክንያቱም ይህ አወላገድ ራሱ የአገሩን ጠባይ ይናገራል። ገዢዎቹ ቤተሰቦች የሱዳን ዓረብ ነጋዴዎችና የበርታ እናቶች ዘር ነበሩ። «ዋጣዊጥ» ይባሉ ነበር፤ በዓረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው። የሌሊት ወፍ ከወፍም ከአይጥም ወገን የማትቆጠር ፍጡር ናትና ስድብም ነበረበት፣ እውነትም ነበረበት። በዓረብኛ ይጽፋሉ፣ በበርታ ምድር ያስገብራሉ፤ ካርቱምም አዲስ አበባም የእኔ ናቸው ሊላቸው ይችላል።

ይህን ምድር ከሩቅ የሚያስጠራው ወርቅ ነው። የግብፁ ሙሐመድ ዓሊ በ1820 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ከፈለጋቸው ነገሮች አንዱ ይህ የፋዞግሊና የበርታ ወርቅ ነበር፤ ሌላው ባሪያ። ፈረንሳዊው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮ ከዚያ ዘመቻ ጋር እስከ በርታ አገር ዘልቋል። በኋላ የኦስትሪያው የማዕድን ባለሙያ ሩሴገር ለዚያው ወርቅ መጣ፤ የሆላንዱ ሹቨርም በዚያው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1880ዎቹ መጀመሪያ በአካባቢው ተዘዋውሯል። ከዚያ የሱዳን መሐዲስቶች መጡ። የበርታ ገበሬ በአንድ ዕድሜ ውስጥ ለስንት ጌታ እንደገበረ መቁጠር አስቸጋሪ ነው።

የመጨረሻው ጌታ ከምሥራቅ መጣ። ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም፣ ራስ መኮንን ከሐረር ተነስተው በምኒልክ ትእዛዝ ወደ ቤኒሻንጉል ዘመቱ። ውጊያው ከባድ ነበር፤ ምድሩ በኢትዮጵያ እጅ ገባ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪንግተን በፈረሙት ውል ድንበሩ ተወሰነ፤ ቤኒሻንጉልም በኢትዮጵያ በኩል ቀረ። በነገራችን ላይ አባይ እንዳይገደብ እንግሊዞች ያስገቡት አንቀጽም በዚያው ውል ውስጥ ነው ያለው። ያ ሁሉ ቀለም ፈሶ፣ የሕዳሴው ግድብ የቆመው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ ነው።

ከራስ መኮንን ዘመቻ በኋላ የሦስቱ ሼኮች ዕድል ተለያየ። አሸናፊ ሆነው የወጡት ኾጀሌ ናቸው፤ የሁሉ የበላይ ሆኑ። ወርቅ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ይገብራሉ፣ በአዲስ አበባም ቤት ሠሩ። የባላባት ቤት ብቻውን አይቆምም፤ አሽከሩም ነጋዴውም እንግዳውም ዙሪያውን ይሰፍራል። ሰፈሩ በጌታው ስም ተጠራ፤ ቤተ መንግሥታቸውም እስከ ዘመናችን ደርሷል።

እዚህ ላይ ግን ሰፈሩን ያስጠራውን ሀብት ምንጭ መሸፋፈን አይገባም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ወርቅ ብቻ አልነበረም፤ ሰውም ነበር። የሼኩ ባለቤት ሲት አምና በድንበሩ ላይ ታላቅ የባሪያ ነጋዴ ስለነበሩ በሱዳን የእንግሊዝ ባለሥልጣናት እጅ እስከ መታሰር ደርሰዋል። የተሸጡት በአብዛኛው የዚያው ምድር ልጆች፣ በርታዎችና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ለእነሱ በጉለሌ የተሰየመ ሰፈር የለም።

ኾጀሌ ስማቸውን ለዋና ከተማዋ ሲያተርፉ የአገራቸውን ስም አላተረፉም። አቆልዲ ዛሬ የታሪክ አንባቢ የሚያውቀው ስም ነው፤ ካርታው ላይ ያለው አሶሳ ነው። የሆሞሻው ወድ ማሕሙድ በተቃራኒው በአዲስ አበባ አንድ ጥግ እንኳ አልተሰየመላቸውም፤ አገራቸው ግን እስከ ዛሬ በስሟ አለች። ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው አቅጣጫ ያለችው ሆሞሻ ወረዳ ናት። የተሸነፈው ወገን ስሙን እቦታው ላይ አቆየ ማለት ነው። በእኔ ሚዛን የሆሞሻ ትርፍ ከሸጎሌ ይበልጣል።

በሆሞሻም ሆነ በአሶሳ የሕዝቡ ስብጥር ግን በሼኮቹ ዘመን እንደነበረ አልቀረም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መግቢያ በፊት ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ሰውን ወደዚህ ሲገፋ ቆይቷል። ሸርቆሌ የሚባለው የስደተኞች ጣቢያ በ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተከፈተው በሆሞሻ ወረዳ ነው፤ ሸርቆሌ ራሱን የቻለ የሌላ ወረዳ ስም ሆኖ ሳለ። በኋላ ጾሬ ጣቢያም እዚያው ተከፈተ። ከብሉ ናይል ግዛት የሚመጡት ብዙዎቹ ድንበር ተሻግረው የሚያገኙት የራሳቸውን ወገን፣ አንዳንዴም የራሳቸውን ቋንቋ ነው። ከ1894ቱ የምኒልክና የሃሪንግተን መስመር ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ አንድ ነበርና።

በአሶሳ ዙሪያ ደግሞ ስም የሌላቸው መንደሮች አሉ፤ ቁጥር ብቻ ያላቸው። በ1977 ዓ.ም ድርቅ ደርግ ከወሎና ከሌላም ቦታ ያመጣቸውን ገበሬዎች ሲያሰፍር መንደሮቹን አምባ ብሎ ቁጥር ሰጣቸው። አምባ 14 ዛሬም አምባ 14 ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ አገሩን በቁጥር ይጠራል፤ አያፍርበትምም። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 784,345 ነበር። በርታ ሩብ ያህሉን ሲይዝ፣ አማራና ጉሙዝ እያንዳንዳቸው ከመቶ 21 ገደማ፣ ኦሮሞ ከመቶ 13፣ ሺናሻ ከመቶ 7 ተኩል ነበሩ። ማዎና ኮሞም አሉ። የአሶሳ ከተማ ነዋሪ ያኔ 24,214 ብቻ ነበር፤ በአሶሳ ገበያ ግን በርታኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና የሱዳን ዓረብኛ ይሰማል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው።

የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ሸጎሌ ላይ አንድ ሰሌዳ ቢያቆም ጥሩ ነው፤ ሼኩ ማን እንደነበሩ፣ ወርቁም ሰውም ከየት ይመጣ እንደነበር የሚናገር። ከዚህ ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን ሆሞሻ ነው። የሸጎሌ ታሪክ በወረቀት ተይዟል፤ የሆሞሻ ታሪክ አሁንም በአብዛኛው በሽማግሌዎች አፍ ነው። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ቋንቋ የምታጠኑ ልጆች፣ መቅረጫችሁን ይዛችሁ ወደ ሆሞሻ ሂዱ፤ የቦታዎቹን ስም አንድ በአንድ፣ በበርታ ቋንቋ አስነግራችሁ ጻፉ።