ማሽኑ ነው ያለው

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የአንድ ሾፌርና የአንድ አይሱዙ ሙግት ልተርክላችሁ ነው። የሰውየውን ስም አትጠይቁኝ። ከብዙ ሾፌሮች ወሬ ቆንጥረህ አንድ ሰው አድርገህ የሠራኸው ነው ብትሉኝም አልቆጣ። ማሽኑ፣ ሒሳቡና ሕጉ ግን ከእኔ የመጡ አይደሉም።

ሰውየው የፈረስ ቤት ሰው ነው። ፈረስ ቤት በጎጃም የደጋ ዳሞት ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ብርዷ አጥንት ይገባል፣ ድንቿ ይበረክታል። ከዚያ ድንች የሚጭን ሾፌር ቁልቁል ወደ ደንበጫ ይወርዳል። ደንበጫ ሲደርስ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈውን አስፋልት ያገኛል፤ በአስፋልቱ ቢቀጥል ፍኖተ ሰላም ነው፣ ቢቀጥል ቡሬ። ነገሩ የሆነው ይህ መስመር እንደ ሰሞኑ ሳይታወክ፣ ሰው በፈለገው ሰዓት ወጥቶ በፈለገው ሰዓት በሚገባበት ጊዜ ነው።

ዓመት በመጣ ቁጥር መኪና ይመረመራል። ምርመራውን ያለፈ ቦሎውን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል፤ ያላለፈ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል። ሕጉ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ይባላል። ሾፌር በቁጥሩ አይጠራውም፤ «የቦሎ ሰሞን መጣ» ይላል፣ በዚያው ኪሱን ይዳብሳል።

የእኛም ሰው የቦሎ ሰሞን ሲደርስ አይሱዙውን አጠበና ባዶዋን ይዞ ወረደ። ልብ በሉልኝ፣ ባዶዋን። በመስመሩ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ለእኔ ይቆይና፣ ከመመርመሪያው በር ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ቱታ የለበሰ ወጣት መርማሪ መሪውን ተረክቦ የኋላ እግሯን የፍሬን መመርመሪያው ሮለር ላይ አወጣት። ሮለሩ ጎማውን ያሽከረክራል፤ ፍሬን ሲረገጥ ጎማው ሮለሩን በምን ያህል ጉልበት እንደያዘው ማሽኑ በኪሎ ኒውተን ይለካል። ከዚያ መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ቆመች፤ ሌላ ልጅ ከሥር ገብቶ መሪዋን አስነቀነቀ፣ በባትሪ አየ፣ ጻፈ።

«ጋሼ፣ ወድቋል» አለ ወጣቱ።

«ምኑ?»

«የኋላ ፍሬኑ አቅም የለውም። የመሪውን ዘንግ ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲኒም ላልቷል።»

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሃያ ዓመት ከፈረስ ቤት ደንበጫ ስወርድ በምን የቆምኩ ይመስልሃል? በጸሎት?»

«ማሽኑ ነው ያለው፣ ጋሼ።»

እህ! እዚህ ላይ ነው ነገሩ። መርማሪው «እኔ ነኝ ያልኩት» ቢል ሰውየው ይሟገተው ነበር። ትራፊክ ፖሊሱ ቢሆን ይሟገተው ነበር። ማሽን ግን ምን ብለው ይጠይቁታል? አይሰማ፣ አያፍር፣ አይምል።

የዚህ አገር ሰው ደግሞ ያለ ሙግት መረታት አይሆንለትም። በድሮው ጊዜ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ «በሕግ አምላክ!» ብለው ያስቆሙት ነበር። የቆመው መንገደኛ የቸኮለ ነጋዴም ቢሆን ከበቅሎው ወርዶ ነገሩን ይሰማል፤ የመንገድ ዳኛ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ አብረው ይሄዱ ነበር። ያ ሁሉ ሥርዓት የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ፈራጁ ምክንያቱን ይናገራል፣ የተረታውም ምክንያቱን ሰምቶ ይረታል፤ ካልተዋጠለት ይግባኝ ይላል። «ማሽኑ ነው ያለው» ግን ምክንያት የሌለው ፍርድ ነው።

ሰውየው ደጅ ወጥቶ ከመኪናው ጥላ ሥር ቆመ። ብዙም አልቆየ፣ አንድ ቀጠን ያለ ሰው ጎኑ መጥቶ ቆመ። እንዲህ ያለውን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ምርመራ ባለበት አይጠፋም።

«አያ፣ ለምን ትደክማለህ?» አለው። «ይሄን ያህል ስጠኝና መኪናዋ ዳግመኛ ማሽኑን ሳትረግጥ ወረቀትህን ይዤልህ እመጣለሁ።»

የጠራው ገንዘብ ቴስቲኒ ከመግዛትም፣ ከሁለት ቀን ሥራ ማቆምም ያንሳል። ሾፌራችን ቅዱስ አልነበረም፤ አሰላው። ከዚያ አያቱ የርስት ክርክር ይዘው ከዳኛ ዳኛ ሲንከራተቱ ይሏት የነበረችው ተረት ትዝ አለችው፦ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች። «ፍሬኔ ደህና ከሆነ ለምን እከፍልሃለሁ? ደህና ካልሆነስ ከፍዬህ ገደል ልግባ?» አለው። ደላላው ለዚህ መልስ አልነበረውም፤ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ።

ሰውየው መኪናውን ይዞ ፍኖተ ሰላም አንድ የሚያውቁት አረጋዊ መካኒክ ዘንድ ሄደ። እጃቸው ግሪስ የጠገበ፣ ለነገር የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ሰውየው ሲያማርር ሲያማርር አዳምጠው፣ «ወረቀቱን አምጣው» አሉት።

«የምን ወረቀት?»

«ማሽኑ የጻፈውን ነዋ። ቁጥሩን።»

«ወድቋል ብለው ነው የሰጡኝ።»

«'ወድቋል' ቁጥር ነው እንዴ? ተመልሰህ የማሽኑን ውጤት ጠይቅ። እስከዚያ ፍሬኑን እንዳትነካው። ከነካኸው ነገ 'ያኔም ደህና ነበር' ብትል ማን ያምንሃል? ማስረጃህን በገዛ እጅህ መፍታት ይሆናል።»

ተመለሰ። «ሥርዓት የለም» አሉት፤ «ሥርዓት ከሌለማ ኃላፊውን ጥሩልኝ» አለ። ሰለቸ፣ ጠበቀ፣ በስተመጨረሻ ከማሽኑ የወጣች አንዲት ወረቀት እጁ ገባች። መካኒኩ መነጽራቸውን አድርገው አዩዋትና ከት ብለው ሳቁ።

አሁን ሒሳብ ነው፤ እንቅልፍ አይውሰዳችሁ። የኋላ እግሩ የፍሬን ጉልበት 12 ኪሎ ኒውተን ይላል። የፍሬን አቅም የሚወጣው ይህን ጉልበት እግሩ ለተሸከመው ክብደት በማካፈል ነው። ማሽኑ ያካፈለው ለ50 ነው፤ 24 በመቶ መጣ፣ ወደቀ። 50 ከየት መጣ? መኪናዋ እስከ አፏ ስትጫን የኋላ እግሯ ከሚሸከመው ክብደት ነው፣ ወደ አምስት ቶን ግድም። በዚያ ቀን ግን መኪናዋ ባዶ ነበረች፤ የኋላ እግሯ የተሸከመው ሁለት ቶን ያህል፣ ማለትም 20 ኪሎ ኒውተን ነው። 12ን ለ20 አካፍሉት፤ 60 በመቶ ነው። ለጭነት መኪና ብዙ አገሮች የሚጠይቁት ከ45 እስከ 50 በመቶ ነው።

«ግን ፍሬኑ ለምን ከ12 በላይ አልወጣም?» አለ ሾፌሩ።

«ጎማው ቀድሞ ተቆልፎ ነዋ!» አሉ መካኒኩ። «ባዶ መኪና የኋላ እግሩ ቀላል ነው። ፍሬኑ ገና ትንሽ ሲረገጥ ጎማው ይቆለፋል፣ ሮለሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ማሽኑም ይቆማል። ፍሬኑ ጉልበቱን አልጨረሰም፤ መሬቱን የሚጨብጥበት ክብደት ነው ያጣው። ባዶ ለክተህ በሙሉ ክብደት ማካፈል የአንዱን ምርት በሌላው ማሳ መስፈር ነው።»

ሰውየው ወዲያው «እንግዲያውስ ፍሬኔ ደህና ነው!» ብሎ ተነሣ።

መካኒኩ ያዙት። «ቆይ። ይህ ወረቀት ፍሬንህ መጥፎ ነው አይልም፤ ደህና ነው ብሎም አይመሰክርልህ። ባዶ መኪና መቆሙ ተጭኖ ለመቆሙ ዋስ አይሆንም። ጭነህ ሂድና አስለካው። የምትረታም ከሆነ በእውነቱ ተረታ።»

በማግስቱ ሾፌራችን ድንቹን ጭኖ መመርመሪያው በር ላይ ቆመ። ኃላፊው ወጡ። ሰውየው አልጮኸም፤ ወረቀቷን ዘርግቶ፣ «ይህ 50 ከየት የመጣ ነው?» አለ።

«ከሙሉ ክብደቱ።»

«መኪናዬ ያን ቀን ምን ጭና ነበር?»

ኃላፊው ዝም አሉ። ወጣቱን መርማሪ አዩት፤ ወጣቱ ወረቀቷን አያት። ወጣቱ ክፉ ልጅ አልነበረም። ከጧት እስከ ማታ መኪና ሲያወጣ ሲያወርድ የሚውል፣ ማሽኑ የሚሞላለትን ቁጥር የሚያምን ልጅ ነበር።

«እንደገና ይለካ» አሉ ኃላፊው።

የድንቹ አይሱዙ ሮለሩ ላይ ወጣች። ወጣቱ ፍሬኑን ረገጠ፤ ቁጥሩ 12ን አለፈ፣ 20ን አለፈ፣ 27 ላይ ቆመ። 27 ለ50፤ 54 በመቶ። ግራና ቀኙም ተቀራራቢ ነው። በእንግሊዝ አገር አንዱ ጎማ ከጎረቤቱ ከ30 በመቶ በላይ ከሰነፈ መኪናው ይወድቃል፤ ምክንያቱም እኩል ያልሆነ ፍሬን መኪናን ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ በዝናብ ቀን ደግሞ ከመንገድ ያስወጣል። ደጅ የተሰለፉት ሾፌሮች አጨበጨቡ። ሰውየው ደረቱን ነፋ።

«ቴስቲኒውስ?» አለ ወጣቱ ቀስ ብሎ።

«እሱንም ማሽኑ ነው ያለው?»

«አይደለም፣ ጋሼ። እሱን በዓይናችን ነው ያየነው። ይግቡና ይዩት።»

ሰውየው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ረዳቱ ከላይ መሪውን ግራ ቀኝ ሲያወዛውዝ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ ጎማው ግን ዘግይቶ ይከተላል። በመካከላቸው ጣት የማያስገባ፣ ዓይን ግን የማይስተው ክፍተት አለ። ያ ክፍተት በፈረስ ቤት ጠጠር ላይ ዕለት ዕለት ይሰፋል፤ አንድ ቀን ዘንጉ ሲወልቅ መሪ የያዘው ሰው ጎማው ወዴት እንደሚሄድ አያዝም። ሾፌራችን ከጉድጓዱ ወጣ፣ እጁን ጠረገ፣ «ይሄስ እውነት ነው» አለ። ያንኑ ቀን ቴስቲኒ ገዛ።

ለንደን ታክሲ የሚነዳ ወገን ይህን ቢሰማ አይደነቅም። በዚያ አገር ዓመታዊው ምርመራ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ የሚመረምረውም ብዙ ጊዜ የሚጠግነው ጋራዥ ራሱ ነው። ጥሎ በመጠገን ያተርፋል የሚል ጥርጣሬ አይቀሬ ስለሆነ የይግባኝ በር ተከፍቷል። ባለመኪናው በ14 የሥራ ቀን ውስጥ ለመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ያመለክታል፣ ክፍያውን እንደገና ያስይዛል፣ የመንግሥት መርማሪ መጥቶ ያየዋል። ከረታ ገንዘቡ ይመለስለታል። ትእዛዙ ግን ጥብቅ ነው፦ ይግባኝህ ሳይታይ መኪናውን እንዳትጠግን። የፍኖተ ሰላሙ መካኒክ ይህን ከማንም ሳይማሩ ነው የተናገሩት።

እኛስ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውሳኔያቸውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ፣ ቅሬታም እንዲሰሙ ያዛል። አዋጁ የሚያስረው የፌዴራሉን ነው፤ ሐሳቡ ግን የመንገድ ዳኛው ሐሳብ ነው፣ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37ም በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብ መብት ይሰጣል።

ይህ የምርመራ ነገር እየዋለ ሲያድር ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እንግዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ገና ብዙ ዓመት ይነዳል፣ ብዙ ጊዜም ይመረመራል። «ወድቋል» የምትለዋ ቃል የስንት ቤተሰብ እንጀራ ትይዛለች። «አልፏል» የምትለዋም የስንቱን ነፍስ። ቁጥሯ ካልታየ ሁለቱም ይሸጣሉ፤ ደላላው የሚኖረው ጠያቂ በሌለበት ነው። ጯሂ አያስፈራውም፣ የጮኸ ሰው ቶሎ ይደክምና ወደ እሱ ይመጣል። ወረቀት የያዘ ሰው ግን ሥራውን ያቆምበታል።

ሾፌራችን ከሙግቱ ምን አተረፈ ትሉኝ ይሆናል። ሁለት ቀን ሥራ ፈታ፣ ቴስቲኒ ገዛ፣ ለዳግመኛው ምርመራም ከፈለ። ሲደመር ደላላው ከጠራው ይበልጣል። ግማሹን ረትቷል፣ ግማሹን ተረትቷል፤ በሁለቱም አልተታለለም።

በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የደጋ ዳሞት ሾፌር እዚያው በር ላይ ተሰለፈ። ቱታ የለበሰው ያ ወጣት መሪውን ከመረከቡ በፊት፣ «ተጭኗል ወይስ ባዶ ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ ሲጨርስም ከማሽኑ የወጣችውን ወረቀት ሳይጠየቅ ሰጠው።