የግሪኒቿ ሐኪም መርፌ

በለንደን ግሪኒች ይገኝ የነበረው የቅዱስ አልፌጅ ሆስፒታል ድሆች የሚታከሙበት ነበር። ስኮትላንዳዊቷ ዶክተር ሜሪ ዎከር በ1934 እ.ኤ.አ. እዚያ በረዳት ሐኪምነት ሲሠሩ አንዲት የ56 ዓመት ታማሚ ነበረቻቸው። የዓይኗ ቆብ ይወድቃል፤ መንጋጋዋ ይዝላል፤ ምግብ መዋጥም ያስቸግራታል። በሽታው ማያስቴኒያ ግራቪስ ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ ይህን የሚመስል ድካም በ1672 ጽፎታል፤ ፍቱን መድኃኒት ግን እስከዚያ ድረስ አልተገኘለትም።

ሆስፒታሉን ይጎበኝ የነበረው የነርቭ ሐኪም ዴኒ-ብራውን በሽታው የኩራሬ መርዝን እንደሚመስል ለዎከር ነገራቸው። ኩራሬ የደቡብ አሜሪካ አዳኞች የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡት፣ ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ነው። ማርከሻውም ይታወቅ ነበር፤ ፊዞስቲግሚን ይባላል። ታዲያ መርዙን የሚያረክስ በሽታውንስ ለምን አይረዳም? ጥያቄውን ብዙዎች ሊያነሱት ይችሉ ነበር፤ መርፌውን አንስተው የሞከሩት ግን ዎከር ናቸው።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ የታማሚዋ ግራ ዓይን ቆብ ተነሣ። ክንዶቿ በረቱ፤ መዋጥም ቀለላት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ድካሙ ተመለሰ። ዎከር ያዩትን በዚያው ዓመት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ አሳወቁ።

ፊዞስቲግሚን የሚገኘው ከካላባር ባቄላ ነው። በዛሬዋ ደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው ይህን ፍሬ እንዲበላ ይገደድ ነበር፤ ከሞተ ጥፋተኛ፣ ከተረፈ ንጹሕ ይባላል። የብዙዎችን ነፍስ የቀጠፈው ይኸው መርዝ በመጠን ሲሰጥ መድኃኒት ሆነ።

ምሥጢሩ ያለው ነርቭ መልእክቱን ለጡንቻ በሚያስተላልፍበት፣ ሲናፕስ በተባለው ቦታ ላይ ነው። ነርቭና ጡንቻ አይነካኩም፤ በመካከላቸው በዓይን የማትታይ ክፍተት አለች። ነርቩ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቅቃል፤ ጡንቻው ላይ ያሉ ተቀባዮች ሲይዙት ጡንቻው ይኮማተራል። ወዲያው አንድ ኢንዛይም ኬሚካሉን ይሰባብረዋል። ፊዞስቲግሚን ይህን ኢንዛይም ስለሚያግድ ኬሚካሉ በክፍተቷ ውስጥ ይበረክታል።

የበሽታው መንስኤ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በ1973 ተመራማሪዎቹ ጂም ፓትሪክና ጆን ሊንድስትሮም ካሊፎርኒያ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ዓሣ የወሰዱትን የአሴቲልኮሊን ተቀባይ በመርፌ ለጥንቸሎች ሰጡ። ጥንቸሎቹ ፀረ እንግዳ አካል አመረቱ፤ እሱም የገዛ ጡንቻቸውን ተቀባዮች አጠቃና ሽባ አደረጋቸው። በዚያው ዓመት በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የታማሚዎች ጡንቻ ሲመረመር ተቀባዮቹ በእጅጉ ተመናምነው ተገኙ። ሰውነት የራሱን ሲናፕስ እንደ ጠላት እየወጋ ኖሯል። ዛሬ የሰውነትን መከላከያ የሚያረግቡ መድኃኒቶች ይሰጣሉ፤ ከእነሱም ጋር የዎከር መርፌ ዘመድ የሆነው የፒሪዶስቲግሚን ኪኒን ይታዘዛል።