የለመዱት ዱርና ያላዩት ተራራ

አዳኝ የለመደውን ዱር በቶሎ አይተውም፤ ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ፥ አውሬው በቀትር የት እንደሚያርፍ፥ ወደ ምሽት በየትኛው መስክ እንደሚሰማራ አስቀድሞ ያውቃልና። ያላየው ተራራ ግን ድካሙ የታወቀ፥ ዋጋው ያልታወቀ ነው። ይህ ምርጫ በደጋ አጋዘን ላይ ያደረሰውን እንመለከታለን፤ ዘመኑንም በአውሮጳ አቆጣጠር እንሰጣለን።

የደጋ አጋዘን (ቀንዱን በየዓመቱ ከሚጥለው ከአውሮጳው አጋዘን ጋራ በስም እንጂ በዘር አይቀራረብም) ለአርሲ ደገኛ እንግዳ አልነበረም። የውጭ ሊቃውንት ግን እስከ 1908 አላወቁትም። በዚያ ዓመት አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ በአርሲ ተራራ አንዱን ገደለ፤ ሪቻርድ ሊዴከርም በ1910 በገዳዩ ስም ሰየመው፤ ይህ ዐይነቱ መታሰቢያ ያስገርመናል።

በ1960ዎቹ ሌስሊ ብራውን በአርሲ ሳይወሰን ወደ ባሌ ተሻግሮ እንስሳውን አጠና። በ1970 የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም፥ ከዋና ዋና ዓላማዎቹ አንዱ የደጋ አጋዘንን መጠበቅ ነበር። ስለዚህ በዲንሾ አጠገብ ያለው የጋይሳይ ሜዳ ለአዳኝ ተዘጋ። አጋዘኑም ሰውን እየለመደ በግልጥ መስክ ይግጥ ጀመር። ነገር ግን በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላላ፤ ያ የለመደው መስክም መገደያው ሆነ፤ በዚያ ከነበሩት እጅግ ብዙዎቹ በጥይት አለቁ። የተረፉት ጥበቃው ሲመለስ ቀስ በቀስ በዙ።

ፈቃድ ያለው አዳኝ ከፓርኩ በስተ ምሥራቅ ወደሚገኘው እንደ ኦዶ ቡሉ ወዳለው ደን ለመሄድ ተገደደ። በዚያ ሜዳ የለም፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አጋዘኑም ሰው ሳያየው ሰውን ያያል።