የቅድሚያ ውጤት (በጉጉት)

የቅድሚያ ውጤት ማለት ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ድምፅ አቅጣጫ አምኖ ተከታዩን የገደል ማሚቶ ችላ የሚልበት ባሕርይ ነው። ሰውም አለው።

ቲቶ አልባ የተባለችው ጉጉት በድቅድቅ ጨለማ የአይጥን ኮሽታ ብቻ ተከትላ ማደን ትችላለች። ሆኖም ኮሽታው ከድንጋይና ከግድግዳ ነጥሮ ከሌላ አቅጣጫም ይደርሳታል፤ ሁለቱን እኩል ብታምን አንዳንዴ ግድግዳውን ታጠቃ ነበር።

በቀጥታ የመጣው ድምፅ መንገዱ አጭር ስለሆነ ምንጊዜም ይቀድማል። ማሚቶው 1 ሜትር ትርፍ ቢጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይዘገያል። ኤሪክ ክኑድሰንና ማሳካዙ ኮኒሺ በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በጉጉት መካከለኛ አንጎል ውስጥ እያንዳንዱ የነርቭ ሕዋስ ለተወሰነ አቅጣጫ የሚነቃበት የድምፅ ካርታ መኖሩን አሳይተዋል። እነዚህ ሕዋሳት ለመጀመሪያው ድምፅ አጥብቀው ይነቃሉ፤ በጥቂት ሚሊሰከንድ ልዩነት ለሚከተለው ማሚቶ ግን ምላሻቸው ደካማ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ ምላሹ ይመለሳል፣ ማሚቶውም ራሱን እንደቻለ ድምፅ ይሰማል።