አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ መላ፦ ሰው ለራሱ ስለሚያወጣው ስም

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ በምናስተምርበት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ የ19ኛውን መቶ ዘመን የኢትዮጵያ ታሪክ ከመጀመራችን በፊት ለአዲስ ገቢ ሠልጣኞች አንድ ትንሽ ሥራ ሰጥተናቸው ነበር። ይኸውም እያንዳንዱ ሠልጣኝ በእጅ ስልኩ፣ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ፣ የሚጠራበትን ስምና ያን ስም የመረጠበትን ምክንያት በቁራጭ ወረቀት ጽፎ እንዲያስረክብ ነው። ሥራው ማርክ የሌለው ስለ ነበረ ብዙዎቹ እየሳቁ ጻፉ። እኛም ወረቀቶቹን ይዘን ወደ ቤት ስንሄድ የምናነበው ቀልድ መስሎን ነበር።

በእርግጥ ቀልድም አልጠፋም። የኳስ ቡድኑን ስም ከራሱ ስም ጋር የቀጠለ ነበረ፤ የሚወደውን ምግብ ስም የወሰደም ነበረ። ነገር ግን አንዲት ሠልጣኝ የወንድ ስም የያዘችው የማታውቃቸው ወንዶች በየማታው እየጻፉ ስላስቸገሯት መሆኑን ገለጸች። ሌላዋ የሞተ ወንድሟን የቤት ስም ወስዳለች፤ ምክንያቱን ስትጽፍ «እንዳይጠፋ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከሁሉም በላይ ያሰበን የአንድ ልጅ ወረቀት ሲሆን፣ የእሱን ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በማግስቱ ወደ ክፍል ገብተን ለትምህርቱ መነሻ ያደረግነው «አባቶቻችሁም እንደ እናንተ ያደርጉ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ማለታችን የፈረስ ስምን ነበር።

የፈረስ ስም በመማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቅንፍ ተዘግቶ ነው። ዳግማዊ ቴዎድሮስ (አባ ታጠቅ)፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ (አባ በዝብዝ)፣ ዳግማዊ ምኒልክ (አባ ዳኘው)፣ ራስ አሉላ (አባ ነጋ) ይልና ያልፋል። ተማሪው ለፈተና ሲል በአዛምድ ጥያቄ ያጠናዋል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። እኛም በተማሪነታችን እንዲሁ ነበርን። በቅንፍ ውስጥ ያለው ስም ግን በጊዜው በቅንፍ የሚነገር አልነበረም። በጦር ሜዳ የሚጠራው፣ ፎካሪው የሚያነሣው፣ አዝማሪው የሚያሞግስበት ስም እሱ ነበር።

በመጀመሪያ «አባ» ስለሚለው ቃል ጥቂት እንበል። ብዙ ተማሪዎች ቃሉን ከመነኩሴ ማዕረግ ጋር ያደባልቁታል። እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ «የእገሌ ጌታ፣ ባለቤት» ማለት ነው። አባወራ ስንል የቤተ ሰቡን ባለቤት እንደምንል ሁሉ፣ አባ ታጠቅ ማለት ታጠቅ የሚባለው ፈረስ ጌታ ማለት ይሆናል። በኦሮምኛም ቃሉ በዚሁ መንገድ ይሠራል፦ አባ ገዳ፣ አባ ዱላ፣ አባ ላፋ። የፈረስ ስም ልማድ አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪዎች በጋራ የያዙት ስለሆነ፣ የአንዱ ብቻ አድርጎ ማስተማር ትክክል አይመስለንም። (አባ ጨጓሬም የዚሁ ቤተ ሰብ ነው ወይ ብሎ የጠየቀን ሠልጣኝ ነበር፤ ክፍሉ ቢስቅበትም ጥያቄው የሰዋስው ጥያቄ ነውና ተገቢ ነው።)

ቀጥሎ የስሞቹን አነጋገር እንመልከት። የአማርኛ መምህራን ይህን ክፍል ከእኛ የበለጠ ሊያስተምሩበት ይችላሉ። ታጠቅ ትእዛዝ አንቀጽ ነው፤ በዝብዝም ትእዛዝ ነው። ዳኘው ደግሞ ሁለት መልክ አለው፦ «እሱን ዳኘው» ብሎ ማዘዝም ይሆናል፣ «እሱ ዳኘው» ብሎ ያለፈ ነገር መናገርም ይሆናል፤ በጽሕፈት ልዩነት የለውም። የልዑል ራስ መኮንን የፈረስ ስም ቃኘውም እንዲሁ ነው። የአሉላ ነጋ ግን ትእዛዝ ሳይሆን የሆነ ነገር ነው፤ ሌሊቱ አልፏል ማለት ነው። ጥር 1879 ዓ.ም. ዶግዓሊ ላይ የጣልያንን ጦር የደመሰሰው አሉላ በዚህ ስም መጠራቱን ለተማሪ ነግረን ትርጉሙን አለመንገር ግማሽ ትምህርት ይመስለናል።

ከዚህ ልማድ በፊት የነበሩት ነገሥታት ሌላ ዓይነት ስም ያወጡ ነበር። አፄ ገላውዴዎስ አጽናፍ ሰገድ፣ አፄ ሠርፀ ድንግል መለክ ሰገድ፣ አፄ ሱስንዮስ ሥልጣን ሰገድ፣ አፄ ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ቀዳማዊ ኢያሱ አድያም ሰገድ ተብለዋል። ሁሉም «ሰገደ» በሚለው ግሥ ያልቃሉ፤ አጽናፍ ሰገደ፣ ዓለም ሰገደ፣ አገር ሰገደ ማለት ነው። የሰገድ ስም በግእዝ ነው፣ የሚናገረውም ሌላው ስላደረገው ነገር ነው። የፈረስ ስም በአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው፣ የሚናገረውም ባለቤቱ ሊያደርገው ስላሰበው ነገር ነው። የዘውድ ስሙ ለንጉሥ ብቻ ሲሆን፣ የፈረስ ስም ግን ፈረስ ላለው፣ ጦር ለሚመራ ሁሉ ክፍት ነበር። ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ፣ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ ተብለው የታወቁት ከዚህ የተነሣ ነው። ገበየሁ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ሲወድቅ ስሙ የወደቀው በሁለት በኩል ነበር ማለት ይቻላል።

የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሥ ሁለቱንም ዓይነት ስም ይዞ ነበር። ቴዎድሮስ የሚለውን የዘውድ ስም የመረጠው በዚያ ስም የሚጠራ ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በሕዝቡ ዘንድ ስለ ነበረ ነው። ሊሆን የሚፈልገውን ሰው ስም አስቀድሞ ወሰደ። ይህን ስንል አንድ ሠልጣኝ ከኋላ «እኔም ስሜ ላይ ዶክተር ብዬ ጽፌአለሁ» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን ልጁ ነገሩን በሚገባ እንደ ተረዳው ገመትን።

በጊቤ ወንዝ አካባቢ በነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት ዘንድ ደግሞ የፈረስ ስም ከቅንፍ ወጥቶ ዋናውን ስም ተክቶታል። የጅማው ቀዳማዊ አባ ጅፋር የተወለደበት ስም ሳና ነው። የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦ ኢብሳ ይባል ነበር። እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ የኖረው የጅማው ዳግማዊ አባ ጅፋርም በልደቱ ቱሉ ነው፤ ዛሬ ግን ጅማ ላይ «የቱሉ ቤተ መንግሥት የት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ሰው ያለ አይመስለንም። የጅሬን ግቢ፣ የከተማዋ አየር ማረፊያ፣ የእግር ኳስ ክለቡም ጭምር የተጠሩት በፈረሱ ጌታ ስም ነው።

የራስ መኮንን ፈረስ ደግሞ ከጌታው ይልቅ ብዙ አገር ዞሯል። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮርያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር የቃኘው ሻለቃ ተባለ፤ አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የራዲዮ ጣቢያም ቃኘው ተብሎ ተሰየመ። ስለዚህ ኮርያ ውስጥ በሐውልት ላይ ተጽፎ የሚነበበው ቃል መነሻው የአንድ የሐረርጌ ገዥ ፈረስ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እነዚህን የፈረስ ስሞች ሰብስበው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባያሳትሙልን ኖሮ ብዙዎቹ ከሽማግሌዎች ጋር አብረው በተቀበሩ ነበር።

በጣልያን ወረራ ጊዜ ልማዱ አልተቋረጠም። የጎጃሙ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር፣ የሸዋው አበበ አረጋይ አባ ገስጥ ይባሉ ነበር። እዚህ ላይ ሠልጣኞቻችን አንድ ጥሩ ጥያቄ አነሡ። «ጠላት እያደናቸው ለምን ስማቸውን አይደብቁም ነበር?» አሉ። የፈረስ ስም መደበቂያ አለመሆኑን ያስተዋልነው ከዚህ ጥያቄ በኋላ ነው። አባ ኮስትር ሲባል በላይ መሆኑን ወዳጅም ጠላትም ያውቃል፤ ስሙ የሚጠራውም እንዲታወቅ ነው።

የሚደበቁበት ስም የመጣው ኋላ ነው። በአካባቢያችን የትጥቅ ትግል በተደረገበት ሁሉ የትግል ስም የሚባል ነገር አለ። በኬንያ የማው ማው ታጋዮች መሪ የነበረው ዋሩሂዩ ኢቶቴ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ በርማ ድረስ ዘምቶ የተመለሰ ሰው፣ በጫካ ጄኔራል ቻይና ተባለ። በአገራችንም ለገሠ ዜናዊ በረሃ ከገባ በኋላ መለስ የተባለው፣ መለስ ተክሌ የተባለውን በደርግ የተገደለ ተማሪ ስም ወስዶ ነው። አንባቢ ስለ ፖለቲካው የየራሱ አስተያየት ይኖረዋል። እኛ ይህን የጠቀስነው ያቺ የሞተ ወንድሟን ስም የያዘችው ሠልጣኝ ከዚህ ሩቅ አለመሆኗን ለማሳየት ነው።

የሴቶችስ? ብለው ጠይቀውናል። የፈረስ ስም የጦር ሰው ስም ስለሆነ የወንዶች ሆኖ ኖሯል። እቴጌ ጣይቱ ዓድዋ የዘመቱት «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» በሚለው መጠሪያ ነው፤ እሱም ከማዕረግ ጋር የሄደ ስም ነው። ያቺ በወንድ ስም የምትጽፈው ልጅ ይህን ስትሰማ «እንግዲያውስ ፈረሱን እኔ ገዛሁ» ብላናለች።

አሁን ወደ ዋናው ወረቀት እንመለስ። አንዱ ሠልጣኝ በስልኩ የሚጠቀምበት ስም በስም መጥሪያው ላይ ካለው ጋር ምንም አይገናኝም ነበር። ምክንያቱን እንዲህ ጽፏል፦ «ይህ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው። አንደኛ ክፍል ስመዘገብ መምህሩ ለአፍ ያስቸግራል ብለው ሌላ ስም ጻፉልኝ። የምስክር ወረቀቶቼ ሁሉ በዚያ ስለሆኑ መመለስ አልቻልኩም። በስልኬ ላይ ግን ማንም አይመዘግበኝም።» እንግዲህ ሌሎቹ ለራሳቸው አዲስ ስም ሲያወጡ፣ ይህ ልጅ የገዛ ስሙን እንደ ፈጠራ ስም ተጠቀመበት ማለት ነው።

ወረቀቱን ካነበብን በኋላ የታሪኩን ትምህርት በሌላ በኩል መጀመር ግድ ሆነብን። የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በልጅነታቸው ቁሴ ይባሉ እንደ ነበር ይነገራል። በጦርነት ተማርከው ወደ ምኒልክ ቤት ከመጡ በኋላ ሀብተ ጊዮርጊስ ሆኑ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ በሦስተኛው ስም፣ በአባ መላ፣ ያስታውሳቸዋል። የመጀመሪያውን ወላጅ አወጣ፣ ሁለተኛውን ማራኪ ሰጠ፤ ሦስተኛውን ግን ብልሃታቸው አጸናው። መላ ማለት ዘዴ ነውና።

ኦኔሲሞስ ነሲብ ደግሞ በ1840ዎቹ ዓ.ም. በኢሉባቦር አካባቢ ሲወለድ ሂካ ተባለ። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ እጅ በእጅ ሲተላለፍ ምጽዋ ደረሰ፤ እዚያም እ.ኤ.አ. በ1870 ነፃ ወጣ። የስዊድን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1872 ሲያጠምቁት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ባለው የፊልሞና ባሪያ ስም ኦኔሲሞስ አሉት፤ ባርነቱን የሚያስታውስ ስም ነው። ሂካ በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ይህ ሰው ከአስቴር ጋኖና ከሌሎች ጋር እየሠራ መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ። በሽፋኑ ላይ የወጣው ኦኔሲሞስ ነው፤ ሥራው ግን የሂካ ነው።

ይህን ስናስተምር ያ ሠልጣኝ ከፊት ሁለተኛው መስመር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እኛም ወደ እሱ ላለማየት ተጠንቅቀናል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወደ እኛ መጥቶ፣ «መምህር፣ በስም መጥሪያው ላይ በእርሳስ ከጎኑ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብሎ ጠየቀን። መዝገቡ የተቋሙ በመሆኑ መሰረዝ አልተፈቀደልንም። ስለዚህ በቅንፍ ጻፍነው። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ስም ስንጠራ በመዝገቡ የተጻፈውን ትተን በቅንፍ ያለውን እንጠራ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ጊዜ ተሳስተን አርሞናል። በእርግጥም ለአፍ የሚያስቸግር ስም አልነበረም።